«ከሰማንያዬ ጋራ ቆረብሁ፤ ከእንግዲህ እህቴ ናት»፦ ምን ማለቱ ይሆን?

የጌራ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳኝ።

ባለፈው ወር መንዝ፣ መሐል ሜዳ ሄጄ ነበር። የአያቴ ታናሽ እህት እዚያ አለች። እኛ አክስቴ ነው የምንላት። ከሣጥኗ ሥር የቅድመ አያቴን ዳዊት አወጣችልኝ። ማኅደሩ ደርቆ እንደ ዛፍ ቅርፊት ሆኗል። ቅጠሎቹ ጠርዛቸው በጣት ወዝ ጠቁሯል። ቅድመ አያቴ ቄስ አልነበረም፣ ደብተራም አልነበረም። ገበሬ ነው። ገብስ ያርሳል፣ በግ ያረባል፣ ሥራ ሲቀልለት ዝተት ይሸምናል። ዳዊት ግን በየቀኑ ይደግም ነበር ይባላል። ስለሱ የማውቀው ይህን ብቻ ነው።

መጨረሻው ቅጠል ባዶ ነበር። እዚያ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ እንዲህ ተጽፏል፦

«በዘመነ ማርቆስ ንግሥት ባረፈች ዓመት በግንቦት ልደታ ከሰማንያዬ ጋራ ቆረብሁ። ከእንግዲህ እህቴ ናት። እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሁለት ነገር አልገባኝም። «ሰማንያዬ» ሲል ምኑን ነው? ሁለተኛው ይብሳል። ሚስቱን ከሆነ የሚለው፣ እንዴት ከቆረቡ በኋላ «እህቴ ናት» ይላል? ከሚስትነት አወጣት ማለት ነው? አደራችሁን፣ የምታውቁ ንገሩኝ።

ፋኖስ
ወንድሜ፣ ሰማንያ የጋብቻ ወረቀቱ አይደለም እንዴ? እኛ ሰፈር «ሰማንያ ተፈራረሙ» ይባላል። ሲጣሉ ደግሞ «ሰማንያዋን ቀደደች»። ታዲያ ወረቀቱን ይዞ ነው የቆረበው?

ሐይቅ ዳር
ወይስ ሰማንያ ዓመት ሞልቶት ነው? «ከነሰማንያ ዓመቴ ቆረብሁ» ለማለት። 😀

የችሎቷ
ልጆቼ፣ ይህን ለእኔ ተዉት። ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ጥርሴን ነቅዬበታለሁ። የትዳር ክርክር ያላነበብኩት ዓይነት የለም።

ያገራችን ሰው ሚስት ሲል ሦስት ዓይነት ነበር። የቁርባን ሚስት፣ የሰማንያ ሚስትና የደሞዝ ሚስት። የደሞዝ ሚስት ማለት ባል ቁርጥ ያለ ደሞዝ ሊከፍላት ተስማምቶ፣ ለጊዜው አብራው የምትኖር ናት። ነጋዴውም ወታደሩም ካገሩ ሲርቅ ያደርገው ነበር። የሰማንያ ሚስት በውል ናት። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ዋስ ይጠራል፣ «ሀብትሽ በሀብቴ» ይባባላሉ። ካልተስማሙ ሽማግሌ ንብረቱን ያካፍላቸውና ይለያያሉ። የቁርባን ሚስት ግን ሁለቱ አብረው ሥጋ ወደሙ የተቀበሉ ናቸው። እሱ አይፈታም።

ስለዚህ «ሰማንያዬ» ማለት «የሰማንያ ሚስቴ» ማለት ነው። ወረቀት ያልከው፣ ፋኖስ፣ የከተማ ነው። ውሉ በጽሑፍ መሆን ሲጀምር ስሙ ወደ ወረቀቱ ዞረ። መንዝ ውስጥ በዚያ ዘመን ዋሱ ነው ወረቀቱ።

የጌራ ልጅ
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንደኛው ተፈታልኝ። በውል ያገባትን ሚስቱን ይዞ ቆረበ ማለት ነው። እሺ፣ «እህቴ ናት»ስ?

ሐይቅ ዳር
ቆይ፣ እሱን እንመጣበታለን። ግን ለምን ሰማንያ? ለምን ሰባ አልተባለም? እኔ የሰማሁት ውሉን ያፈረሰ ሰማንያ ብር ይቀጣ ስለነበር ነው የሚል ነው። ጠገራ ብር።

የችሎቷ
እኔም ሰምቼዋለሁ። ግን ያ ከሆነ ለምን «በሰማንያ ብር አገባት» አይባልም? ብሩ የት ጠፋ? ደግሞ ሀብታሙም ድሃውም እኩል ሰማንያ ብር ሊቀጣ ነው? ድሃው ገበሬ ሰማንያ ጠገራ ከየት ያመጣል?

ዲያቆኑ
ብር ምን አገባው? ነገሩ ከመጽሐፈ ኩፋሌ ነው። አዳም በተፈጠረ በአርባ ቀኑ ገነት ገባ። ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ገባች። ስለዚህ ነው ወንድ ልጅ በአርባ ቀን፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ክርስትና የምትነሣው። ሔዋን በሰማንያኛው ቀን ከባሏ ጋር አንድ ቤት ገባች። የመጀመሪያዋ የሰማንያ ሚስት እሷ ናት ማለት ነው። አባቶቻችን ዝም ብለው ቁጥር አይጠሩም።

ሐይቅ ዳር
ዲያቆን፣ በጣም ያምራል። ግን ሔዋን የሰማንያ ከሆነች ልትፈታ ትችል ነበር ማለት ነው?

ዲያቆኑ
አልፈታትም። ከገነት ሲወጡም አብረው ነው የወጡት።

ባለቅኔው
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አሁን ግን መናገር አለብኝ። ዋሸራ ቅኔ ቤት አምስት ዓመት አኩፋዳ ተሸክሜ የተማርኩ ነኝና ትንሽ ታገሡኝ።

አንደኛ፣ የጌራ ልጅ፣ «እህቴ» ብለህ በሀሌታው ሀ ጽፈሃል። እኅት በብዙኃኑ ኀ ነው። ሥሩ ግዕዝ ነው። ቅድመ አያትህ ዳዊት የሚደግም ሰው ከሆነ እንዲህ ብሎ ይጽፋል ብዬ አላምንም። አንተ ስትገለብጥ ለውጠኸው ይሆናል። እስቲ ተመልሰህ እየው።

ሁለተኛ፣ ሰማንያ ቁጥር አይደለም። «ሰምዐ» የሚለውን ግሥ ያዙ። ሰማ፣ መሰከረ። ከሱ ሰማዒ፣ ሰማዕት፣ ሲበዛ ሰማዕያን ይወጣል። ሰማዕያን ማለት የሰሙ፣ ምስክሮች። በምስክር ፊት ያገባት «በሰማዕያን» አገባት ተባለ። ዐይኑ በአማርኛ አፍ ወደቀ፣ ሰማያን ሆነ። ያና ን ቦታ ተለዋወጡ፣ ሰማንያ ሆነ። አለቀ።

ፋኖስ
ዋው። ይሄኛው አሳመነኝ።

የችሎቷ
እኔን አላሳመነኝም። መሪጌታ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ምስክር ለመጥራት አማርኛ የራሱ ቃል አለው። እማኝ። ከአመነ። ገበሬው «እማኝ ቁጠር» ነው የሚለው። እኔ ባገላበጥኳቸው መዛግብት «ሰማዕያን ቁጠር» ያለ ገበሬ አንድም አላየሁም። ደግሞ ን እና ያ እንዲህ ባንዴ ቦታ የተለዋወጡበት ሌላ ቃል ይስጡኝ።

ባለቅኔው
እመቤቴ፣ ለጊዜው መሪጌታ አይደለሁም፣ ግን ይሁን። ፊደል ቦታ ሲለዋወጥ አዲስ ነገር አይደለም። ክብሪት የሚለውን ስንቱ ነው «ክርቢት» የሚለው?

የችሎቷ
እሱ የምላስ መሳሳት ነው። ስም ሆኖ አልቀረም።

ዲያቆኑ
የኪዳነ ወልድን መዝገበ ቃላት ገልጣችሁ እዩ። ስንት ሰዓት ትከራከራላችሁ?

ፋኖስ
እኔ መጽሐፉ አለኝ። ሰ ላይ ፈልጌ አላገኘሁትም። ሀ ለ ሐ መ ብዬ ስሄድ ተዘበራረቀብኝ።

ባለቅኔው
በሀለሐመ አይደለም የተደረደረው። በሌላው የፊደል ተራ፣ በአበገደ ነው። መጀመሪያ አበገደን አጥና፣ ከዚያ ና።

ብራና
ሰላም። እኔ በሥራዬ የድሮ ብራና መጻሕፍት ፎቶ አነሣለሁ። ስለ ሰማንያው ሐሳብ የለኝም። ግን ዘመኑን ላገዝ።

«ንግሥት ባረፈች ዓመት» ሲል ንግሥት ዘውዲቱን ነው። ያረፉት መጋቢት 24 ቀን 1922 ነው። ባለቤታቸው የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ በጦርነት በሞቱ በሁለተኛው ቀን። 1922 ላይ 5500 ደምሩበት። 7422 ይመጣል። ለአራት ሲካፈል ሁለት ይተርፋል። ሁለት ሲተርፍ ዘመኑ ማርቆስ ነው። ገጠመ። ስለዚህ የቆረቡት ግንቦት 1 ቀን 1922 ነው። ንግሥቲቱ ካረፉ ገና ሁለት ወር አልሞላም። ቅድመ አያትህ ዘመኑን በትክክል ነው ያስቀመጠው። ቁጥር ሳይጽፍ።

እንዲህ ያለ ማስታወሻ ዳዊት ላይ ብዙ ጊዜ አያለሁ። የልጅ መወለድ፣ የመሬት ክፍፍል፣ የብድር፣ የረኃብ። ለገበሬው ቤት ሌላ ወረቀት የለም። የቤተሰቡ መዝገብ ቤት ዳዊቱ ነው። የሚስት ነገር ግን እምብዛም አላየሁም። ለዚህ ነው ዓረፍተ ነገርህ የያዘኝ። እባክህ ፎቶ ካለህ ላክልኝ።

የጌራ ልጅ
ብራና፣ ዕድሜ ይስጥህ። ግንቦት ልደታ ደጋው ላይ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ንፍሮ ይቀቀላል፣ ውጪ ተወጥቶ ይበላል። የዚያን ዕለት ጠዋት ሁለቱ ነጭ ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ታየኝ።

ፎቶውን ያነሣሁት በስልክ ነው፣ ደብዛዛ ነው። የአክስቴ ልጅ በደንብ አንሥቶ እንዲልክልኝ እጠይቀዋለሁ። እስከዚያ ግን ጥያቄዬ እንዳይጠፋ። «ከእንግዲህ እህቴ ናት»።

ዲያቆኑ
እሱማ ግልጽ ነው። የኔ ወንድም፣ በገጠር ብዙው ሰው ወጣት ሳለ አይቆርብም። ሥጋ ወደሙ እንደ እሳት ይፈራል። ከቆረቡ በኋላ መፋታት የለም፣ ከሌላ መሄድ የለም። ካህን ነው ከመነሻው በቁርባን የሚያገባ። ሕዝቡ በሰማንያ ይኖራል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ሲሸመግል ንስሐ አባቱ ዘንድ ይቀርባል። ቀኖናውን ይፈጽማል። ከዚያ ባልና ሚስት አብረው ይቆርባሉ። ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ መኝታ ይለያሉ። አንዳንዱም እዚያው ቤቱ ውስጥ ቆብ ይጭናል። «እኅቴ ናት» ያለው ለዚህ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በንጽሕና እንኖራለን ማለቱ ነው። ቅዱስ ሐሳብ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ተክሊል አላለም፣ ልብ በሉ። ተክሊል ለደናግል ነው። እሱ ልጆች ወልዷል። ስለዚህ «ቆረብሁ» ብቻ አለ። ቃሉን አውቆ ነው የመረጠው።

የችሎቷ
ዲያቆን፣ እኔ እንደዚያ አላነበብኩትም። በሰማንያ ያገባት ሴት ነገ ልትፈታ ትችላለች። እህት ግን አትፈታም። ብትጣላት እህትህ ናት። ብትርቅ እህትህ ናት። ሽማግሌ ሰብስበህ «እህትነታችንን አካፍሉን» አትልም። ሰውየው ከውል ወጣሁ ነው የሚለው። እስከዛሬ በዋስ ነበረች፣ ከእንግዲህ በደም ናት። ሕግ ቤት ለሠራ ሰው ይህ ትልቅ ዓረፍተ ነገር ነው።

በነገራችን ላይ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ነው የተቀበለው። በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል። የደሞዝ የሚባለው ከሕጉ ውጪ ቀረ። በውልና በቁርባን መካከል ያለው ልዩነት ግን ሕግ ሳይሆን ልብ ውስጥ ነው ያለው። ይህ ገበሬ በሁለት መስመር ጻፈው።

ባለቅኔው
ሁለታችሁም ቅርብ ናችሁ፣ ግን ዳዊቱን ረሳችሁት።

የእኛ ዳዊት መዝሙር ብቻ አይደለም። ከመዝሙረ ዳዊት በኋላ ጸሎተ ነቢያት አለ። ከሱ ቀጥሎ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን አለ። ከዚያ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን። ሁሉም በአንድ ጥራዝ። ያ ገበሬ ዳዊት ሲደግም መኃልዩንም ይደግመዋል። እዚያ ውስጥ ሰሎሞን ሙሽራይቱን ምን ይላታል? «ገነት ዕፁት እኅትየ መርዓት»። የተዘጋች ገነት፣ እኅቴ ሙሽራ። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም፣ ደጋግሞ ነው «እኅትየ መርዓት» የሚላት።

እንግዲህ አስቡት። ዕድሜውን ሙሉ ይህን በቃሉ ሲል የኖረ ሰው፣ ከሚስቱ ጋር በቆረበ ቀን «ከእንግዲህ እኅቴ ናት» አለ። መኝታ ለየሁ አይደለም ያለው። ሙሽራዬ ሆነች ነው ያለው።

ፋኖስ
ኧረ እግዚኦ። ክንዴ ላይ ጠጉሬ ቆመ።

ዲያቆኑ
መምህር፣ አይሆንም። መርዓት በትርጓሜው ቤተ ክርስቲያን ናት፣ እመቤታችን ናት፣ የምእመን ነፍስ ናት። ማንም ሰው ሚስቱን በዚያ ቃል አይጠራም። ድፍረት ነው።

ባለቅኔው
ትርጓሜውን ማን አስተማረው? ትርጓሜ ቤት አልገባም። ገበሬ ነው ብሏል ልጁ። ንባቡን ነው የሚያውቀው። ንባቡ ደግሞ «እኅትየ» ይላል።

ዲያቆኑ
ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል ሲባል አልሰማህም?

ባለቅኔው
ሰምቻለሁ። አንተ ሳትወለድ ነው የሰማሁት። ግን ገበሬው በንባቡ ነው የኖረው፣ በንባቡም ነው የጸለየው። እግዚአብሔር አልሰማውም ልትለኝ ነው?

ዲያቆኑ
እንደሱስ አልልም። ይቅር ይበለኝ። እኔስ መጽሐፈ ጦቢትን አስታወስኩ። ጦብያ ሣራን ባገባት ሌሊት ተነሥተው ሲጸልዩ «እኅቴ» ነው የሚላት። ይህችን እኅቴን ለዝሙት አላገባኋትም ይላል። እዚያም ባልና ሚስት ናቸው። ግን ጸሎቱ የንጽሕና ጸሎት ነው። እኔ ያልኩት ከዚህ አይርቅም።

የችሎቷ
ጦብያ ግን ልጆች ወልዷል፣ ዲያቆን።

ፋኖስ
አንድ ቀላል ጥያቄ ልጠይቅ። ከ1922 በኋላ ልጅ ተወልዷል? ከተወለደ የዲያቆኑ አነባበብ ወደቀ። ካልተወለደ እንቀጥላለን።

የጌራ ልጅ
ፋኖስ! ይህን እንዴት አላሰብኩትም?

ተወልዷል። ዳዊቱን ያወጣችልኝ አክስቴ ራሷ። የሁሉም ታናሽ ናት። የተወለደችው ጣሊያን በገባ ዓመት ነው፣ 1928። ሁልጊዜ «ጣሊያን በመጣ ዓመት፣ ቆላ ስንሸሽ በጀርባ ታዝዬ» ትላለች። ያኔ አያቴ ወደ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር።

ሐይቅ ዳር
እንግዲህ ዲያቆን፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ልጅ መጣ።

ዲያቆኑ
እግዚአብሔር ሲሰጥ ማን ይከለክላል? አሸንፋችኋል ልበላችሁ?

የችሎቷ
ቆይ። እናትየዋ በ1928 ስንት ዓመቷ ነበር? የመጀመሪያ ልጃቸው መቼ ተወለደ?

የጌራ ልጅ
ትልቋ ልጅ ከአያቴ በብዙ ትበልጥ ነበር ይባላል። ወጣት ሳለች ሞታለች። እናትየዋ እንግዲህ ወደ አርባ አምስት፣ ወይም ከዚያ በላይ።

የችሎቷ
ይሆናል። አይሆንም አልልም። ግን አክስትህን ጠይቃት፣ ልጄ። በዚያ ዘመን ታናሽ ልጅ የሚባል ሁሉ ከዚያው ማሕፀን አይደለም። መዝገብ ቤት ብዙ አይቻለሁ።

ሐይቅ ዳር
እሱ እስኪጠይቅ ድረስ እኔ አንድ ነገር ላንሣ። ቁርባንና ቁርበት አንድ ሥር አይደሉም? ቁርበት ሰው ገላው ላይ የሚያቀርበው፣ የሚተኛበት ነው። ቀረበ፣ ቆረበ፣ ቁርበት።

ባለቅኔው
ቁርባን ከ«ቀረበ» ነው፣ ይህ ክርክር የለውም። የቀረበ መሥዋዕት። አማርኛው ደግሞ ከቁርባን ተነሥቶ «ቆረበ» የሚል ግሥ ሠራ። ቁርበትን ግን እባክህ ለበሬው ተውለት።

ፋኖስ
ስለ እህት ካነሣን፣ «እቴጌ»ስ? እቴ ማለት እህቴ ነው። ጌ ማለት ምድር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። የምድሪቱ እህት፣ የአገር እህት።

ባለቅኔው
እቴ ከእኅቴ መሆኑን እቀበላለሁ። ኀ ወደቀና ት ጠበቀ። እትዬም ከዚያው ነው። እነ እታገኘሁ፣ እታፈራሁ፣ እታለም የሚባሉት ስሞችም እንደዚያው። ጌን ግን ገና አላመንኩም። ጌ ምድር ነው የሚል ሰው መንደር ውስጥ አንድ አረፍተ ነገር ያምጣልኝ።

ሐይቅ ዳር
ጌራ ምድር! የጠያቂያችን አገር! መንዝ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር ይባላል።

ባለቅኔው
እዚያ ምድር የሚለው «ምድር» ራሱ ነው እኮ። ጌራማ ስም ነው።

ዲያቆኑ
ወደ ሰማንያው እንመለስ። ቁጥሩን አልመለሳችሁልኝም። ሰማዕያን ከሆነ እንዴት ከሔዋን ቀን ጋር ልክ አንድ ሆነ?

ባለቅኔው
ገጠመ። ብዙ ነገር ይገጥማል።

ዲያቆኑ
ያለ ፈቃዱ የሚገጥም የለም።

(ሰማንያው ላይ ሌላ አሥራ አንድ መልስ ተጽፏል። አንዱ ከአረብኛ ነው አለ፣ አንዱ ከአገው። የችሎቷ ለሁሉም በየተራ መልስ ሰጥታለች።)

የጌራ ልጅ
ይቅርታ፣ ሁለት ቀን ጠፋሁ። አክስቴ ጋ ስልክ ለመደወል ጎረቤት ያለችበትን ሰዓት መጠበቅ ነበረብኝ፣ ጆሮዋ ደክሟል።

እትዬ የችሎቷ፣ እንዴት አወቅሽ? ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

«አክስቴ፣ አንቺ ስትወለጅ እናትሽ ስንት ዓመቷ ነበር?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «የትኛዋ እናቴ?» አለችኝ። የትልቋ ልጅ ልጅ ናት። ያቺ ሞተች ያልኳችሁ። በወሊድ ነው የሞተችው። ሕፃኗን አያቶቿ ወስደው እንደ ልጃቸው አሳደጓት። የአያቴ እህት እያልን ያደግነው የእህቷን ልጅ ነው። ቤታችን ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም እኮ» አለችኝ። ልክ እንደ ቀላል ነገር።

ስለዚህ ፋኖስ፣ ማስረጃው ፈረሰ። ከ1922 በኋላ ልጅ አልተወለደም።

ደፍሬ መኝታቸውንም ጠየቅኳት። ይቅር ይበለኝ። «እሱ መደቡ ላይ፣ እሷ ከኔ ጋር እሳት ዳር» አለች። ዲያቆን ልክ ነው ልል ስል፣ «በሐምሌ ግን ብርዱ ጅብ ያስለቅሳል። ያለን አንድ ወፍራም ዝተት ነው፣ እሱ የሸመነው። ሁላችንም እዚያ ሥር ነን» አለችኝ። ከዚህ ምን እንደምል አላወቅሁም።

ምን ብሎ ይጠራት ነበር ብዬ ጠየቅሁ። «ስሟን ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። እቴ ነበር የሚላት። እቴ፣ እንግዳ መጣ። እቴ፣ ዳዊቴን አቀብይኝ።»

የችሎቷ
ልጄ፣ እግዚአብሔር ያበርታህ። አክስትህን በርትተህ ጠይቅ። ያቺን የሞተችውን ልጅ ስሟን ያዝ፣ ዳዊቱ ላይ ጻፈው። ባዶ ቦታ አለ ብለሃል።

ዲያቆኑ
የክርስትና ስሟን ጠይቃትና ላክልኝ። በጸሎት እናስባታለን።

ፋኖስ
ከመቁረባቸው በፊትም እቴ ይላት ነበር?

የጌራ ልጅ
አክስቴ ያኔ አልተወለደችም። የሚያውቅ የለም።

ብራና
ፎቶው ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። የአክስትህ ልጅ ጎበዝ ነው፣ በፀሐይ ብርሃን ነው ያነሣው። አጉልቼ አየሁት።

መምህር ስለ ፊደሉ ትክክል ነበሩ። «እህቴ» አይደለም። ግን «እኅቴ»ም አይደለም፣ ወይም ሁለቱንም ነው። መስመሩ ላይ ያለው ሁለት ፊደል ነው። እ እና ቴ። «እቴ ናት» ብሎ ነው መጀመሪያ የጻፈው። ኅ የምትባለዋ ከመስመሩ በላይ፣ በሁለቱ መካከል ተሰክታለች። በጣም ትንሽ ናት። ከበታቿ ሁለት ነጥብ አለች፣ እዚህ ትግባ የሚል ምልክት። ቀለሙ ያው ነው፣ የብዕሩ ስፋትም ያው ነው። ያው ሰው፣ ምናልባት ያንኑ ቀን።

ባለቅኔው
እቴ ብሎ ጻፈ። ከዚያ አነበበው። ከዚያ ኅን ጨመረ።

ብራና፣ እርግጠኛ ነህ ሌላ እጅ አይደለም?

ብራና
የ«ቴ» እግሯን እዩ። ወደ ግራ ትጠማዘዛለች። «ልደታ» ላይ ያለው ታም እንደዚያው ነው። ኅ ላይ ያለው ጭረትም ያው ዘንበል አለው። ሌላ ሰው ነው ካላችሁ አስረዱኝ።

ዲያቆኑ
ያረመው ለንጽሕናው ነው። እቴ የቤት ቃል ነው። እኅቴ ብሎ ለእግዚአብሔር ፊት አስተካከለው።

ባለቅኔው
ወይ መኃልዩ ትዝ ብሎት ነው። «እኅትየ» የሚለው።

የችሎቷ
ወይ ሌላ አንባቢ እንዳይሳሳት ነው። «እቴ ናት» ብቻ ቢል ያልሰማት ሰው ምን ይረዳል?

የጌራ ልጅ
አሁን አክስቴ ጋ ደወልኩ። ጎረቤቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘችላት። «አባባ ዳዊቱ ላይ የጻፈው ይህ ነው» ብዬ እንደ መጀመሪያው አጻጻፉ፣ ያለ ኅ አነበብኩላት። «ከእንግዲህ እቴ ናት።»

«እንደዚያ አይደለም የሚላት» አለችኝ። «አንተ ታላላዋለህ። ጠበቅ አድርገህ፣ መጨረሻዋን ሳብ።»

ሦስት ጊዜ አስባለችኝ። በሦስተኛው «አዎ፣ እሱ ነው» አለች።